በአንድ ሳጥን ጠርሙስ የሚሠራ መብረቅ፦ የቴስላ ኮይል የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት መጀመሪያ፤ ትራንስፎርመሩ

ቴስላ ኮይል፣ ማለትም ቮልቴጅን እጅግ ከፍ አድርጎ ትንሽ መብረቅ ወደ አየር የሚለቅ የሽቦ ጥቅል፣ ልሠራ ነው፤ ኃይል የሚሰጠው ትራንስፎርመር ተገኝቷል። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ከአንድ የቁራጭ ብረት ነጋዴ ደጃፍ። ስደርስ ሰውየው መዶሻና መሮ ይዞ ቆሞበታል፤ ሆዱን ከፍቶ መዳቡን ሊያወጣ ነው። በግራጫ ቆርቆሮ የታሸገ፣ ውስጡ ሬንጅ የፈሰሰበት፣ በሁለት ጫፉ ነጭ የሸክላ ጆሮዎች የወጡለት የኒዮን ማስታወቂያ ትራንስፎርመር ነው።

«ወንድሜ፣ ቆይ አትስበረው» አልኩት።

«ይሠራል እንዴ?» ብሎ አፈጠጠብኝ። ይሠራል ካልኩ ዋጋው በአንድ ጊዜ እንደሚወጣ ስለማውቅ «ማን ያውቃል፣ ዕድሌን ልሞክር» አልኩ። በመዳብ ሂሳብ በኪሎ ተመዝኖ ተሸጠልኝ። በቆርቆሮው ላይ ያለው ጽሑፍ ግማሹ ተፍቋል፤ የሚያስፈልገኝ ግማሽ ግን ይነበባል፦ መግቢያ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፤ መውጫ 10,000 ቮልት፣ 30 ሚሊአምፔር።

አዲሶቹ የኒዮን ሳጥኖች ቀላል የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ናቸው፤ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። የሚፈለገው ከባዱ፣ የብረት እምብርት ያለው አሮጌው ነው። በእምብርቱ ውስጥ የመግነጢሱን ኃይል በከፊል ወደ ጎን የሚያስቀሩ ተጨማሪ ብረቶች ስላሉት ሁለቱ የመውጫ ጫፎች ቢነካኩ እንኳን የሚያሳልፈው ከረንት ከተጻፈበት እምብዛም አይዘልም። የኮይሉ የብልጭታ ክፍተት (ብልጭታ የሚዘልበት ባዶ ቦታ) ደግሞ በሰከንድ መቶ ጊዜና ከዚያ በላይ የሚደጋገም መነካካት ነው። ሌላውን ትራንስፎርመር በደቂቃ የሚያቃጥለውን ሥራ ይህ ችሎ ይውላል።

ከማይክሮዌቭ ምድጃ የወጣውን ለምን አትጠቀምም የሚል አይጠፋም። እሱ የሚሰጠው 2,000 ቮልት ገደማ ነው፤ ከረንቱ ግን ልጓም የለውም፤ የነካውን ሰው አይምርም። የእኔውም ቢሆን የዋህ አይደለም፤ 30 ሚሊአምፔር በደረት ውስጥ ካለፈ የልብን ምት ሊያስት ይችላል። ስለዚህ ደንቡን ከመጀመሪያው ቀን ግድግዳው ላይ ጽፌዋለሁ፦ ሶኬቱ ተነቅሎ በዓይን ሳይታይ እጅ ወደ ዕቃው አይሄድም፤ ለብቻ ሆኖ ማብራት የለም።

ቤት እንደገባ ፀሐይ ላይ ሰነበተ። ክረምቱን ደጅ ያሳለፈ ዕቃ እርጥበት ካለው 10,000 ቮልት በሬንጁ ስንጥቅ ውስጥ የራሱን መንገድ ያበጃል። የሸክላ ጆሮዎቹ በአልኮል ተወለወሉ። ከዚያ በመግቢያው በኩል አንድ 60 ዋት አምፖል በመሐል አስገብቼ ሰካሁት። አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ቆየ፤ ቦግ ብሎ ቢበራ ኖሮ የውስጡ ጥቅል ተቃጥሏል ማለት ነበር። ደህና ነው። የመውጫው ጥቅል መካከል ከቆርቆሮው ጋር የተያያዘ ስለሆነ እያንዳንዱ ጆሮ ከመሬት አንጻር 5,000 ቮልት ነው ያለው። ይህ ኋላ ይጠቅማል።

ጥቅምት አጋማሽ፤ ወረቀትና እርሳስ

የዘመኑ ቴስላ ኮይሎች በትራንዚስተር ይሠራሉ፤ ሙዚቃም ያጫውታሉ። ጥሩ ናቸው። ነገር ግን ሲበላሹ ምናቸው እንደተነካ አይናገሩም፤ አንዲት ጥቁር ቁራጭ ጢስ ታወጣለች፣ በቃ። ምትኳም የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው። ዱባይ ያለ ወዳጄ ለከፍተኛ ቮልቴጅ የተሠሩ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ አጠራቅመው የሚለቁ ዕቃዎች) ልላክልህ ብሎኝ ነበር፤ አመስግኜ እንዲተው ነገርኩት። እኔ የመረጥኩት እ.ኤ.አ. የ1890ዎቹን መንገድ ነው፦ ጠርሙስ፣ መዳብ፣ እንጨት፣ ሰም። ደንቤም አንድ ነው፤ በሠፈሬ ልተካው የማልችለውን ነገር አላስገባም።

ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1891 ኒው ዮርክ፣ ኮሎምቢያ ኮሌጅ ውስጥ በኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ፊት ቆሞ ሽቦ ያልተገጠመላቸውን የመስታወት ቱቦዎች ሲያበራ የነበረው ዕቃ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። በሚቀጥለው ወር ፓተንቱ ወጣለት። የሰርብ ኦርቶዶክስ ቄስ ልጅ መሆኑን ለጎረቤቶቼ ከነገርኩ ወዲህ ጓሮዬ ውስጥ የምሠራው ነገር በጥርጣሬ መታየቱ ቀንሷል። የመርከብ ሬዲዮ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መልእክት ይልክ የነበረው በዚሁ ዓይነት ብልጭታ ነው፤ ታይታኒክ እ.ኤ.አ. በ1912 የድረሱልኝ ጥሪዋን ያሰማችው በብልጭታ ማሰራጫ ነበር። ብልጭታ ሰፊውን የሬዲዮ ሞገድ ስለሚያውክ ኋላ በዓለም አቀፍ ስምምነት ከአገልግሎት ወጣ። እኔም የማበራው ለአጭር ጊዜ፣ ጎረቤት አስፈቅጄ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትራንስፎርመሩ ካፓሲተሩን ይሞላል። ቮልቴጁ የብልጭታውን ክፍተት ለመዝለል ሲበቃ ክፍተቱ በእሳት ይዘጋል፤ ካፓሲተሩ በጥቂት ዙር ወፍራም መዳብ፣ በፕራይመሪው ውስጥ ይራገፋል። አንድ ጊዜ ተራግፎ ዝም አይልም፤ ወደፊትና ወደኋላ በሰከንድ መቶ ሺዎች ጊዜ ይወዛወዛል። በመካከሉ የቆመው ቀጭን ሽቦ ጥቅል፣ ሰከንደሪው፣ በተፈጥሮው የሚወዛወዝበት ፍጥነት ከዚህ ጋር ከገጠመ ኃይሉን እየተቀበለ ያጠራቅማል። ዥዋዥዌ የሚጫወትን ልጅ በየመመለሻው በጊዜው የሚገፋ ሰው ልጁን ከፍ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ጊዜውን የሳተ ግፊት ልጁን ያቆመዋል፤ እዚህም ፍጥነቶቹ ካልገጠሙ ጩኸት እንጂ መብረቅ የለም።

ቁጥሮቹ ሁሉ የተነሡት ምናለሽ ተራ ከተገኘው ትራንስፎርመር ነው። 10,000 ቮልትን ለ0.03 አምፔር ሳካፍል 333,000 ኦም ይመጣል። በ50 ኸርዝ ከረንትን በዚህ መጠን የሚገታ ካፓሲተር 9.5 ናኖፋራድ ገደማ ነው፤ ፋራድ የካፓሲተር መለኪያ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ እኔ ግን አልፈልገውም። ካፓሲተሩ ከትራንስፎርመሩ ጋር ልክ ለልክ ከገጠመ ቮልቴጁ ከተጻፈው በላይ እየወጣ የራሱን ጥቅል ይበሳል። አንድ ተኩል እጥፍ ማድረግ ለአሮጌ ዕቃ ይሻላል፤ ስለዚህ ዒላማዬ 14 ናኖፋራድ ነው። በጨው ውኃ የተሞላና ውጪው በፎይል የተለበጠ አንድ ትንሽ የቢራ ጠርሙስ በሙከራ 0.6 ናኖፋራድ ሰጠኝ። አንድ ሳጥን 24 ጠርሙስ ነው። 24 ጊዜ 0.6፣ 14.4። ሳጥኑን ያሰላው ሰው የቴስላ ኮይል አስቦ አይመስለኝም፤ ግን ገጠመ።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ከመታ ወዲህ በዚህ ቀን ሰው ቤቱንና ደጁን ይጠርጋል፣ ጉድፉን ያቃጥላል፤ ከተማው በጢስ ይሸፈናል። ለእኔ ደግሞ የዓመቱ ትልቁ ገበያ ነው፤ በነጻ የሚገበዩበት። እሳቱ ሳይለኮስ ማልዶ መዞር ነው።

ከጎረቤት ግቢ አንድ የወለቀ የብረት አልጋ ወጥቷል፤ በምሰሶዎቹ ጫፍ ላይ የነሐስ እንቡጦች አሉት። «እትዬ፣ ይህን ልትጥሉት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። «ውሰደው ልጄ፣ ትኋኑንም ጨምረህ» አሉኝ። ሦስቱን እንቡጦች ፈትቼ ወሰድኩ፤ አራተኛው ጠፍቷል፤ የሚያስፈልገኝም ሦስት ነው። ከሌላ ቤት የተሰነጠቀ የዝግባ ጠረጴዛ፣ ከሌላው ጥቁር የባክላይት ማብሪያ ማጥፊያ። ማብሪያው አገላብጦ ሲጫን የሚያሰማው ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻውን ያረካል። በጢሱ ዓይኔ እያለቀሰ የዝግባውን ምስማሮች ነቅዬ ጨረስኩ።

ኅዳር መጨረሻ፤ ሰከንደሪው

የሥራው አብዛኛው ትዕግሥት እዚህ ላይ ይሄዳል።

ቱቦው ከሕንፃ ሥራ የተረፈ 110 ሚሊሜትር የፍሳሽ ፒቪሲ ነው። ታጠበ፣ ደረቀ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈገፈገ፣ ቫርኒሽ ተቀባ። በቱቦው ግድግዳ ላይ አንድም ቀዳዳ አልበሳሁም፤ ቀዳዳ ካለ መብረቁ በውስጥ በኩል ከላይ ወደ ታች ያቋርጣል።

ሽቦው ቫርኒሽ የለበሰ የ0.5 ሚሊሜትር መዳብ ነው። የሞተር ጥቅለላ ሱቆች ሁልጊዜ ከትልልቅ ሥራ የተረፈ ጥቅል ጫፍ አላቸው። ችግሩ እኔ የምፈልገው ያልተቀጠለ መሆኑ ነው። 50 ሳንቲሜትር ርዝመት ላይ 900 ዙር ማለት ከ310 ሜትር በላይ ሽቦ ነው፤ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ አልፎ ይሄዳል። በመሐሉ አንድ ቅጥያ ካለ መጀመሪያ የሚፈነዳው እዚያ ነው። የማውቃቸው አንድ ሸምገል ያሉ ሞተር ጠቅላይ ሳጥናቸውን አገላብጠው፣ ጥቅሉን በእጃቸው መዘኑና «ይህ ይበቃሃል፤ ግን ምን ዓይነት ሞተር ነው 900 ዙር በአንድ ረድፍ?» አሉ። «ሞተር አይደለም ጋሼ፤ መብረቅ ነው» አልኳቸው። ሳቁና ዋጋውን ቀነሱልኝ።

መጠቅለያው በሁለት የእንጨት ቋሚዎች ላይ ያረፈ ዘንግና በእጅ የሚዞር መዘውር ነው። በመሰርሰሪያ ማዞር ይቻላል፤ እኔ አልወደድኩትም። በእጅ የሚዞረው መዘውር መብራት ሲጠፋ አይቆምም፤ ደግሞም ሽቦው ሲደራረብ ጣት ከዓይን ቀድሞ ያውቃል። በግራ አውራ ጣቴ ላይ የጫማ ቆዳ ቁራጭ አስሬ ሽቦውን እወጥራለሁ፣ በቀኜ አዞራለሁ። ትክክል ሲሄድ ዙሩ ከዙሩ ጎን ሲተኛ ቆዳዬ ላይ እኩል የሆነ ቀጭን መንዘር ይሰማኛል። ሽቦው ከጎረቤቱ ላይ ሊወጣ ሲል መንዘሩ ይቋረጣል፤ አቁሜ ግማሽ ዙር እመለሳለሁ፣ በጥፍሬ አስተካክዬ እቀጥላለሁ። በየጣት ስፋቱ ጠባብ ፕላስተር እለጥፋለሁ፤ አንድ ሰው በሩን ቢያንኳኳ ሁሉም ነገር እንዳይፈታ።

ሲያልቅ የሞተር ጠቅላዮቹን ቡናማ ቫርኒሽ በስስ በስሱ ደራርቤ ቀባሁት፤ እስኪደርቅም ዘንጉን ማዞር አላቆምኩም፤ ካልዞረ ቫርኒሹ ወደ ታች ተንጠባጥቦ እንባ ይሠራል። መልኩ የቆየ ቫዮሊን ይመስላል። በስሌት 17.5 ሚሊሄንሪ አለው፤ ፋራድ የካፓሲተር መለኪያ እንደሆነ ሄንሪ የጥቅል መለኪያ ነው።

ለሰከንደሪው አናት የሚሆነው ሉል ከሁለት 30 ሳንቲሜትር የአሉሚኒየም ጎድጓዳ ሳህኖች አፍ ለአፍ ተገጥሞ ተሠራ። አንደኛው የተጎረበጠ ስለነበር ከውስጥ በእንጨት መዶሻ አቃናሁት። ሉሉና ጥቅሉ አንድ ላይ እንደ ካፓሲተር 21 ፒኮፋራድ (የናኖፋራድ ሺኛ) ገደማ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ሰከንደሪው የሚወዛወዘው በ260 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው። በሉሉ ጎን አንድ የሹራብ መርፌ ወደ ውጭ አወጣሁ። ይህ ለጌጥ አይደለም። ይህን የሚያክል ለስላሳ ሉል መብረቅ ለመልቀቅ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይፈልጋል፤ የእኔ 300 ዋት (10,000 ቮልት በ0.03 አምፔር ሲባዛ) እዚያ አያደርሰውም። መርፌው ላይ ግን ኃይሉ ስለሚሰበሰብ ከዚያ በጣም ባነሰ ቮልቴጅ ይወጣል።

ታኅሣሥ፤ ጠርሙስ፣ መዳብ፣ ከሰል

ጠርሙሶቹ። መለያ ወረቀታቸው በሙቅ ውኃ ተላጠ። ጨው እስኪበቃው ድረስ የሟሟበት ውኃ እስከ ትከሻቸው ተሞላ፤ በላዩ ላይ የጣት ውፍረት ያህል የምግብ ዘይት። ዘይቱ በውኃው ጠርዝ ላይ የሚነሣውን ሐምራዊ ፍንጣሪ ያፍናል፤ ፍንጣሪው ካልታፈነ ጠርሙሱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። በዘይት ዋጋ ምክንያት ቤት ውስጥ ተቃውሞ ገጥሞኝ ነበር፤ መጥበሻ ላይ የዋለውን አጣርቼ በመጠቀም ሰላም ወረደ። ከውጭ የአሉሚኒየም ፎይል ከውኃው ቁመት ጋር እኩል ተለበጠ። በየአንገታቸው የመዳብ ሽቦ ገባ፤ ሁሉም በላይ ተያያዙ። ከታች ደግሞ ሁሉም በእንጨት ሳጥን ውስጥ በተነጠፈ ቆርቆሮ ላይ ቆመዋል። በማልቲሜትር ሲለካ ጠቅላላው 14.1 ናኖፋራድ ነው።

ፕራይመሪው። የአየር ማቀዝቀዣ ከሚገጥሙ ሰዎች የተረፈ 6 ሚሊሜትር የመዳብ ቱቦ፣ አሥር ሜትር ገደማ። ጎን ለጎን ጠፍጣፋ ሆኖ አሥር ዙር ይጠቀለላል፤ የመጀመሪያው ዙር ከመሐል 9 ሳንቲሜትር ይርቃል፣ ከዙር ዙር 12 ሚሊሜትር። የሚይዙት ከዝግባው ጠረጴዛ የተቆረጡ፣ ጥርስ የወጣላቸው አራት ጣውላዎች ናቸው። እንጨት በራሱ እርጥበት ይይዛል፤ ስለዚህ ጣውላዎቹን በቀለጠ ሰም ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው፤ አረፋ መድፈቃቸውን እስኪያቆሙ ድረስ። አረፋው ከእንጨቱ የሚወጣው አየርና ውኃ ነው። የድሮ ሠሪዎችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ እኛ አገር ደግሞ ሰም ብርቅ አይደለም። ቤቱ ለቀናት ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ሸተተ። በስሌቱ የሚያስፈልገው 26 ማይክሮሄንሪ ነው፤ ያ ከስምንት ተኩል ዙር ጥቂት ያለፈ ነው። አሥር ዙር ያደረግኩት ሽቦውን ከመዳብ ቱቦው ጋር የሚያገናኘውን መቆንጠጫ ወዲያና ወዲህ ለማንቀሳቀስ ቦታ እንዲኖር ነው።

የብልጭታው ክፍተት። ሰባት አጫጭር የ22 ሚሊሜትር መዳብ ቱቦዎች በመደዳ፣ በመካከላቸው 0.7 ሚሊሜትር ክፍተት። አንድ ሰፊ ክፍተት ከማድረግ ብዙ ጠባብ ማድረጉ ሙቀቱን ያከፋፍላል፣ እሳቱም ቶሎ እንዲጠፋ ይረዳል። እሳቱ ቶሎ ካልጠፋ ሰከንደሪው የተቀበለውን ኃይል መልሶ ለፕራይመሪው ያስረክባል። ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ማራገቢያ በራሱ ባትሪ እየዞረ ይነፋበታል። ሁሉም በእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ይህን ብልጭታ በባዶ ዓይን ማየት የብየዳ እሳትን ከማየት አይለይም።

የአልጋው እንቡጦች። ሦስቱ በመደዳ ቆሙ፤ ሁለቱ ዳርና ዳር ከትራንስፎርመሩ ጆሮዎች ጋር፣ የመካከሉ ከመሬት ጋር። ዋናው ክፍተት ሳይሠራ ቀርቶ ቮልቴጁ ከልክ ቢያልፍ ወደ መካከለኛው እንቡጥ ይዘላል፤ ትራንስፎርመሩ ይተርፋል። ርቀቱን ያስተካከልኩት ትራንስፎርመሩን ብቻውን አብርቼ ብልጭታው ሊቋረጥ እስከሚችልበት ድረስ እያራቅኩ ነው፤ እርግጥ በየመካከሉ ሶኬት እየነቀልኩ።

መሬት። የቤቱን የመሬት ሽቦ ለሰከንደሪው መስጠት ማለት መብረቁን ወደ ጎረቤት ቴሌቪዥን መላክ ነው። ጓሮ አንድ ሜትር ተኩል የመዳብ ዘንግ ቀበርኩ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ከሰልና ጨው እንደ ልማዱ፣ ውኃም አጠጣሁት።

ከገና ማግሥት

ሁሉም ተገጥሟል፤ መብራት የለም። ሲመጣም ቮልቴጁ 190 ነበር። ቆየሁ።

በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

220 ሞልቷል። ሞተር ጠቅላዩ ጋሼ ሊያዩ መጥተው ከሶኬቱ አጠገብ ተሹመዋል፤ ሥራቸው «ንቀል» ስል መንቀል ነው። ስልኮችና ኮምፒውተሩ ወደ ሌላኛው ክፍል ሄዱ። መስኮቱ ተከፈተ፤ ብልጭታው ኦዞን ያወጣል፣ ብዙ ሲሆን ጉሮሮ ይቆርጣል።

መቆንጠጫውን በሰባተኛው ዙር ላይ አድርጌ፣ ከስድስቱ ክፍተቶች ሦስቱን ብቻ አስገብቼ ጀመርኩ። የባክላይቱ ማብሪያ ቀጭ አለ። ጩኸቱ ከጠበቅኩት በላይ ነው፤ ጆሮ መሸፈኛ የግድ ነው። በመርፌው ጫፍ ላይ ጥቂት ሳንቲሜትር የምትሆን ሐምራዊ ጭላንጭል ወጣች። ጋሼ «ይህ ነው መብረቁ?» አሉ።

ሶኬት ተነቀለ። ጫፉ ላይ የመሬት ሽቦ የታሰረበት የመጥረጊያ እንጨት በጠርሙሶቹ ላይ ተነካ፤ ጠርሙስ ሳይበራም ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። መቆንጠጫው ግማሽ ዙር ወደ ውጭ። እንደገና። እንዲህ እየተባለ ስምንተኛው ዙር ላይ ጭላንጭሏ ቅርንጫፍ አወጣች። ስምንት ተኩል ላይ ድምፁ ተለወጠ፤ ከመንጫጨት ወደ መቅደድ። ዘጠነኛው ላይ መብረቁ አየሩን እየፈለገ እጁን መዘርጋት ጀመረ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ተመልሶ አጠረ። ስለዚህ ቦታው ዘጠኝ ነው፤ ከስሌቱ ትንሽ ወደ ውጭ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ መብረቁ ራሱ አየር ላይ ሲዘረጋ እንደ ተጨማሪ ሉል ሆኖ የሰከንደሪውን ፍጥነት ዝቅ ያደርገዋል፤ ፕራይመሪውም ተከትሎት መውረድ አለበት።

ክፍተቶቹን ወደ አምስት ሳሳድግ ርዝመቱ ዘለለ። ወደ ስድስት ስል የአልጋው እንቡጦች ተኮሱ፤ ሥራቸውን ሠሩ ማለት ነው። አምስት ላይ ቆመ።

በሰከንደሪው ገላ ላይ ከታች ወደ ላይ የሚሮጡ ቀጫጭን ብልጭታዎች ታዩ። ሁለቱ ጥቅሎች ከመጠን በላይ ሲቀራረቡ ይህ ይሆናል፤ ኃይሉ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ይሻገራል። ሰከንደሪውን በእንጨት ሽብልቅ 3 ሳንቲሜትር ከፍ አደረግኩት። ብልጭታዎቹ ጠፉ።

ጋሼ ያልተገናኘ የፍሎረሰንት አምፖል በሁለት ሜትር ርቀት ላይ በእንጨት መቆሚያ ላይ አቁመው ነበር። ኮይሉ ሲነሣ አምፖሉ በርቶ ይቆያል፤ ሲጠፋ ይጠፋል። ለመብረቁ ብዙም ያልተደነቁት ሰው ለዚህ አምፖል ግን ሦስት ጊዜ «ሽቦው የት ነው?» እያሉ ዞሩት። ወደ ቤት ሲሄዱም ይህንኑ እያሉ ነበር።

አንድ ነገር ልብ ይባል። ከፍተኛ ድግምግሞሽ ያለው መብረቅ «አይዝም፣ በቆዳ ላይ ነው የሚሄደው» የሚል ወሬ አለ። ሕመሙ አለመሰማቱ ቃጠሎው የለም ማለት አይደለም፤ ደግሞም ያ መብረቅ ወደ ፕራይመሪው ከዘለለ የትራንስፎርመሩን 50 ኸርዝ ይዞ ይመጣል። በእጁ ሊነካው የሚጓጓ ወጣት ጎብኚ በሩ ላይ ነው የሚመለሰው። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰውማ ግቢውም አይገባም።

ከጥምቀት በኋላ

ከመሬት ጋር ወደ ተያያዘ ዘንግ ሲለካ መብረቁ 32 ሳንቲሜትር ይዘላል፤ ወደ ባዶ አየር 20 አልፎ ይዘረጋል። በ300 ዋት ከዚህ በላይ የሚያወጡ አሉ፤ እነሱ ግን ጠርሙስ አይጠቀሙም። የጨው ውኃና የጠርሙስ መስታወት ኃይሉን በሙቀት ይበሉታል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጠርሙሶቹን ስዳስሳቸው፣ እርግጥ ተነቅሎና ተራግፎ፣ ለብ ብለዋል።

ዛሬ አንዱ ጠርሙስ ሄደ። ድምፁ ነው የነገረኝ፤ መቅደዱ በድንገት ወደ ደረቅ መንጫጨት ተመለሰ፣ መብረቁ ጠፋ። ፎይሉን ስገልጥ ከታችኛው ጠርዝ አጠገብ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ አለ፤ በዙሪያው የቀለጠ መስታወት ቀለበት፤ ጨው ውኃው በእሱ በኩል ያነባል። በሻጋታው መጋጠሚያ በኩል መስታወቱ ከሌላው ቦታ የሳሳ ነበር። የሠፈራችን ግሮሰሪ ባዶ ጠርሙስ በመያዣው ዋጋ ሰጠኝ። ታጠበ፣ ተሞላ፣ ተለበጠ፤ ከመክሰስ በፊት ኮይሉ ተመልሶ ተነሣ።

የጎረቤቴ ሬዲዮ በምናበራበት ሰዓት ስለሚንጫጫ ከሰዓት በኋላ ካለው የስፖርት ዝግጅት ጋር እንዳይጋጭ ተስማምተናል። ኳስ ባለበት ቀን ኮይል የለም።

የሚቀጥለው ሥራ ጠርሙሶቹን በመስኮት መስታወት መተካት ነው፤ 3 ሚሊሜትር መስታወት፣ በመካከሉ ፎይል፣ ሁሉም በትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ። ጨው ውኃ ስለማይኖረው የሚባክነው ሙቀት ይቀንሳል፤ ሳጥኑም ያንሳል። መስታወት ቆራጩ ከትልልቅ ሥራዎች የሚተርፈውን ቁራጭ እንዲያስቀምጥልኝ ተነጋግረናል፤ ልኩ 20 በ30 ሳንቲሜትር፣ አረፋ የሌለበት፣ ጠርዙ የተፈገፈገ። እስከዚያው ድረስ ጠርሙሶቹ ይሠራሉ።